ከሐይቁ እስከ ጅቡ፦ በሐረር የት እንብላ፣ ምን እንይ?

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ዝግጅት የመጀመሪያ ቀን ጠዋት፣ ስለ ማግስቱ ጉብኝት የተደረገ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው የሰጠኝ ሥራ ቀላል ነው። «አንተ ሐረር ነው የምትኖረው፤ ነገ ሰዉ ቀኑን ሙሉ ነፃ ነው፤ የት እንደሚበላና ምን እንደሚያይ ንገረው» ነው ያሉኝ። ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ከዚያ በላይ ከቆየሁ ቡናው ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ቶሎ ልግባበት።

ከትናንት ማታ ጀምሮ በየደረስኩበት የምጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ሐረር ላይ ደህና ምግብ ያለው ሆቴል የቱ ነው?» እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሆቴል ሞልቷል። ጥብሱም፣ ፓስታውም፣ ቡፌውም አለ። ግን እሱ እኮ አዳማም አለ፣ ሐዋሳም አለ፣ ቦሌም አለ። ለእሱ ሲባል 500 ኪሎ ሜትር አይመጣም። ስለዚህ ዛሬ የሆቴል ዝርዝር አልሰጣችሁም፤ የምሰጣችሁ መንገድ ነው። ምግቡ ከሚበቅልበት ተነስታችሁ፣ ገበያውን አልፋችሁ፣ ሰሃን ላይ እስኪደርስ ተከተሉት፤ በየደረሳችሁበትም ብሉ። መንገዱ ሐይቁ ዳር ይጀምርና ማታ ጅቡ ፊት ያልቃል። አንድ ቀን ይበቃዋል።

በተማሪነታችን ዘመን የሐረር ጉዞ እንዴት እንደነበር ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ከባቴ መኪና ይያዛል፣ ኪስ የፈቀደው ይበላል፣ ከዚያ የመመለሻ መኪና እንዳያመልጥ ሩጫ ነው። ጊዜውም ገንዘቡም ስላልነበረ ብዙ ተማሪ ከተማዋን የሚያውቃት ከግንቡ ውጭ ባለው አስፋልት ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አራት ዓመት ኖሮ፣ አንድም ቀን ሐረሪ ቤት ነደባ ላይ ሳይቀመጥ የተመረቀ ስንት አለ! ዛሬ ግን ኪሱም አለ፣ ቀኑም አለ። ግብርና ያልተማራችሁ የሕግ፣ የጤናና የምህንድስና ልጆችም አትኩረፉ፤ ሁላችሁም ትበላላችሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። መጀመሪያ ወደ ሐረር ሳይሆን በተቃራኒው፣ አምስት ኪሎ ሜትር ወደ ሐረማያ ከተማ ሂዱና ሐይቁን እዩት። ከድሬዳዋ አየር ማረፊያ በደንገጎ ሽቅብ የወጣችሁት ትናንት በመስኮት አይታችሁታል፤ ነገ ግን ወርዳችሁ ቁሙ።

አለማያ እያላችሁ የተመረቃችሁ ታላላቆቻችን ሐይቁን ሞልቶ ነው የምታስታውሱት። በ1990ዎቹ አጋማሽ እዚህ የነበሩት ደግሞ ደርቆ፣ ሜዳ ሆኖ ነው ያዩት። በቅርብ ዓመታት የተማሩት እንደገና ውሃ ሲይዝ አይተዋል። አንድ ግቢ ውስጥ ተምረን ስለ አንድ ሐይቅ ሦስት ዓይነት ትዝታ አለን። ሐይቁን ያደረቀው አንድ ነገር ብቻ አልነበረም። ገበሬው ለድንቹ፣ ለአትክልቱና ለጫቱ በሞተር ውሃ ይስብ ነበር። የሐረር ከተማም የምትጠጣው ከዚሁ ነበር። ዛፍ ካጣው ተዳፋት በየክረምቱ አፈር እየታጠበ ይገባበታል። ጥልቀቱ ሲቀንስ ደግሞ ፀሐይ የምትወስደው ይበዛል። ሁሉም ለኑሮው ሲል ትንሽ ትንሽ ወሰደ፤ ድምሩ ግን አንድ ሐይቅ ሆነ። ሐይቁ ሲሄድ የሐረር ቧንቧም ተቸገረ፤ ለከተማዋ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ወደ ደጋ እየተገፋ እንዲወጣላት ግድ ሆነ።

ይህን የምነግራችሁ ቁርሳችሁን ላበላሽባችሁ ብዬ አይደለም። ነገ ቀኑን ሙሉ ከምትበሉት ድንች፣ ጎመን፣ ሽንኩርትና ካሮት ብዙው የዚህ አካባቢ ምርት ስለሆነ ነው። የምትበሉት የሐረማያን ውሃ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ድንቹን ስትቀምሱ ደግሞ ትንሽ ኩሩ፤ «አለማያ 624» እና «ቡቡ» የሚባሉት ዝርያዎች ከዚሁ ግቢ የወጡ ናቸው። የዝርያውን ሥራ የሠሩት መምህራን ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉ ምሳ ጋብዟቸው!

ከሐይቁ ወደ ሐረር ስትመለሱ አወዳይን ታልፋላችሁ። አወዳይ ላይ ለአሥር ደቂቃ ብቻ መኪናውን አቁሙ። እዚያ የምታዩት ጫት የሀገር ውስጡን ገበያ ብቻ ሳይሆን ጅቡቲንና ሶማሊያንም ይመግባል። ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ለምን እንደተከለ በክፍል ውስጥ ብዙ ተከራክረናል። አወዳይ ቆሞ ያየ ሰው መልሱን ያለ መምህር ያገኘዋል፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ሲቆረጥ በዚያው ቀን ገንዘብ ነው። ቡና ግን ዓመት ያስጠብቃል።

አሁን ሆድ መጮህ ጀምሯል። ሐረር ግቡና ቁርስ ብሉ።

ለቁርስ ሸዋ በር አካባቢና ፈረስ መጋላ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ቤቶች ይሻላሉ። ስም አልጠራላችሁም፤ ምልክቱን ልንገራችሁ። ድስቱ ከደጅ የሚታይ፣ ሹፌርና ነጋዴ የተቀመጠበት፣ ዳቦው በየደቂቃው የሚገባ ቤት ከሆነ ግቡ። ፉል እዘዙ፤ ባቄላው በደንብ የተፈጨ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ የተከተፈበት፣ የፈለገ ሰው ዕንቁላል የሚያስጨምርበት። አጠገቡ ፈቲራ ይምጣ፤ ስስ ሆኖ የተጠበሰ፣ በዕንቁላል ወይም በማር። ሻሂ በወተት ጠጡ። ከ3 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከረፈደ ድስቱ ሥር ያለውን ነው የምታገኙት።

ከቁርስ በኋላ መኪናውን ተዉት። ጀጎል የእግር ከተማ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። መኪና የሚገባበት በኋላ የተከፈተው ነው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአድባር ሥፍራዎች እንዳሉት ተጽፏል። ሰዎቹ ከተማቸውን «ጌይ» ይሏታል፤ «ከተማ» ማለት ነው። ሌላ ስም ያስፈለጋት አይመስላቸውም፤ እነሱ ዘንድ ከተማ አንድ ነው።

ከፈረስ መጋላ ወደ ታች ስትወርዱ መኪና ግርግርን ታገኛላችሁ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ለልጃችሁ ቀሚስ ከፈለጋችሁ ጨርቁን ጠዋት መርጣችሁ አስለኩ፤ ምሳ በልታችሁ ስትመለሱ ምናልባት ተሰፍቶ ይቆያችኋል። ወረድ ብላችሁ ግድር መጋላ፣ ዋናው ገበያ ነው። እዚህ ነው ጠዋት ማሳው ላይ ያያችሁትን የምታገኙት፤ ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ ማሽላው፣ ከባቢሌ የመጣው ለውዝ፣ ማንጎውና ዘይቱኑ። የገበሬ ሴቶች መሬት ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። ለውዝና ፍራፍሬ ከእነሱ ግዙ። ክርክሩን ግን በልኩ አድርጉት፤ እኛ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጠን መጥተን አሥር ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት መቆም አያምርም።

ሥጋ ተራው አጠገብ ስትደርሱ ወደ ላይ ተመልከቱ። ጭልፊቶቹ ሰማይ ላይ ይዞራሉ፤ ሥጋ ይዞ የሚወጣ ሰው ካዩ ከእጁ መንጭቀው ይሄዳሉ። ሐረር ውስጥ የሰውና የአውሬ ማዕድ ድሮም ብዙ አልተራራቀም፤ ይህን ማታ ትረዱታላችሁ።

ምሳን በተመለከተ ሁለት ነገር ልለይላችሁ። አንደኛው የሁሉ ሰው ምሳ ነው፤ ሩዝ፣ የግመል ሥጋ፣ ሳምቡሳ፣ ከዚያ በላይ ሙሸበክ፣ ሐላዋና ባቅላዋ። ይህን በየመንገዱ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ሁልባት መረቅ ነው። አብሽ ተፈጭቶ፣ ተዘፍዝፎ፣ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ይመታል፤ ከዚያ ከሥጋ መረቅ ጋር ይቀርባል። ይህ የቤት ምግብ ነው፤ ሰው ደጅ ቆሞ «አንድ ሁልባት» ብሎ የሚያዝዘው አይደለም። በጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩና የሚያበሉ የሐረሪ ቤተሰቦች አሉ። ዛሬ ከሰዓት በፊት በአስጎብኚ በኩል አስነግሩ፤ ነገ ምሳ ትደርሳላችሁ። ስድስት ሰባት ሆናችሁ ብትሄዱ ለእነሱም ይመቻቸዋል፣ ለእናንተም ይረክሳል።

የሥጋውን ነገር ስለምትጠይቁኝ ቀድሜ ልመልስ። ጀጎል ውስጥ ያለው ዕርድ የሙስሊም ነው። የክርስቲያን ሥጋ የሚፈልግ ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ ያገኛል። ጿሚዎች ችግር የለባችሁም፤ ፉሉን ያለ ዕንቁላልና ያለ ቅቤ ብላችሁ እዘዙ፣ የምስር ሳምቡሳ አለ፣ ፍራፍሬው ሞልቷል። ሌላ ጊዜ በረመዳን የምትመጡ ካላችሁ ቀን ጀጎል ውስጥ ምግብ አትፈልጉ፤ ማታ ፆም ሲፈታ ግን ከተማው በሙሉ ማዕድ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ ሱቁ ስለሚዘጋ ግዢያችሁን ጠዋት ጨርሱ።

ከምሳ በኋላ አትቸኩሉ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ሐረር በርጫ ላይ ናት፤ ከተማው ጋብ ይላል፣ ነጋዴውም ሱቁ ውስጥ ጋደም ብሎ ነው የሚያነጋግራችሁ። ይህ ሰዓት ለቤት ነው። የሐረሪ ቤት ከደጅ ሲታይ ግድግዳ ብቻ ነው። ሲገባ ግን ደረጃ ደረጃ ሆነው የተሠሩ፣ ምንጣፍ የለበሱ መቀመጫዎች ታገኛላችሁ፤ ነደባ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ማን የቱ ላይ እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው፤ ስለዚህ ባለቤቷ እስኪያስቀምጧችሁ ቁሙ። ጫማ ይወለቃል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የእናት፣ የአያት እጅ ያለበት የቤተሰብ ታሪክ ነው። «ይሸጣል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሚሸጠው ሌላ ቦታ አለ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ዩኔስኮ የመዘገበው ሕንፃ ብቻ ቢሆን ኖሮ በር ገፍቶ መግባት በተቻለ ነበር፤ ግን ሰው ይኖርበታል፣ ልጅ ያድግበታል፣ የታመመ ይተኛበታል።

ጊዜ ካላችሁ ሁለት ሙዚየም ጨምሩ። አንዱ በራስ ተፈሪ ቤት ያለው ሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም ነው፤ የእጅ ጽሑፎቹን፣ ጌጣጌጡንና አሮጌ ሳንቲሞቹን ሳታዩ አትውጡ። ሁለተኛው በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ስም የተሰየመው ቤት ነው። ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. ሐረር ሲመጣ ግጥም መጻፍ ትቶ የንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ነበር፤ ሥራው ቡናና ቆዳ መግዛት ነበር። በቡና ምክንያት ሐረር የገባ የውጭ ሰው እሱ ብቻ አይደለም፤ ስሙ የቀረለት ግን እሱ ነው።

ቡና ካልን ዘንድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡና ጠጡ። የሐረር ቡና ሳይታጠብ፣ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ነው፤ ጣዕሙ ለዚህ ነው የሚለየው። ጀጎል ውስጥ እየቆላ የሚሸጠው ኑሬ ቡና ጋ ሽታው ራሱ ይጠራችኋል፤ ወደ ቤት የምትወስዱትን እዚያ ግዙ። ግን ከዚህ ክልል ሳትወጡ ሌሎቹን ሁለቱንም ቅመሱ። አንደኛው ከቡናው ገለፈት የሚፈላው ሐሸር ነው። ሁለተኛው ከቅጠሉ የሚፈላውና ወተት የሚገባበት ቁጢ ነው። ፍሬው ለገበያ ሲሄድ፣ ገለፈቱና ቅጠሉ ለቤት ይቀራል። ያመረተው ሰው ራሱ የሚጠጣውን ሳይቀምሱ የሐረርን ቡና አውቃለሁ ማለት ይከብዳል።

ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ጅቦቹ ጋ ሂዱ። አስጎብኚያችሁ ቦታውን ያውቃል፤ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጅቡን የሚያበሉት ሰው በስሙ ይጠሩታል፤ ሥጋውን በእንጨት ጫፍ፣ የደፈረ እንግዳ ካለም በእንግዳው እጅ ያቀርባሉ። ልጆቻችሁ ይህን ዕድሜ ልካቸውን ያስታውሱታል። ግን ከፎቶው አልፎ አንድ ነገር ልብ በሉ። ግንቡ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ «ወራባ ኑዱል» ይባላሉ፣ የጅብ መግቢያ ማለት ነው። በሌሊት ጅቡ ገብቶ ገበያው የተወውን አጥንትና ትርፍራፊ ያጸዳል። በአሹራ ቀን ደግሞ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል። ግንብ ያጠሩ ሰዎች ለጅብ በር ትተውለታል፤ ማዕዱ የሚበቃ የሚሆነው ሁሉም ድርሻው ሲታወቅለት እንደሆነ ገብቷቸዋል። ጠዋት ያየነው ሐይቅ ላይ ያልሠራንበት ሒሳብ ይሄ ነው። ገበሬው ድርሻ ነበረው፣ ከተማው ድርሻ ነበረው፣ ሐይቁ ራሱ ግን ድርሻ እንዳለው ማንም አልቆጠረለትም።

ሁለተኛ ቀን ላላችሁ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ባቢሌ ነው፤ ለውዙን ከማሳው አጠገብ ትበላላችሁ፣ የግመል ወተት ትቀምሳላችሁ፣ አለፍ ብላችሁ በዳካታ ሸለቆ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደሩትን ድንጋዮች ታያላችሁ። መንገዱን ግን በዚያው ቀን ጠዋት ጠይቃችሁ ውጡ። ሁለተኛው ወደ ድሬ መውረድ ነው። አውሮፕላናችሁ ማታ ከሆነ ቀትርን በከዚራ ዛፎች ጥላ አሳልፉ፤ አሮጌውን ባቡር ጣቢያ እዩ፣ ከፊራ ገበያ ግቡ፣ ስፕሪስ ጠጡ። አቦ፣ ድሬ ላይ መቸኮል ነውር ነው! እንደገና የመምጣት ሐሳብ ያላችሁ ደግሞ ሸዋል ኢድን ጠብቁ፤ ከኢድ አልፈጥር በኋላ የሚከበረው ይህ የሐረሪ በዓል በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

አሁን ልጨርስ። ሦስት ነገር ብቻ ልለምናችሁ።

አንደኛ፣ ገንዘባችሁን በትኑት። አንድ ሆቴል ውስጥ የሚያልቀው ገንዘብ በፉል ቤቱ፣ በልብስ ሰፊው፣ በለውዝ ሻጯ፣ በአስጎብኚውና በሁልባት መረቋ እናት ቢከፋፈል አምስት ቤት ይገባል። እንግዳ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ውሃ ቆጥቡ። ማደሪያችሁ ውስጥ ባልዲና ጣሳ ካያችሁ አትሳቁ፤ ሐረር ውስጥ ውሃ በወረፋ የሚያገኝ ቤት አለ። እናንተ አሥር ደቂቃ ሻወር ሥር ስትቆሙ ያ ውሃ ከቆላ ተገፍቶ እንደመጣ አስቡ።

ሦስተኛው ለመምህራኖቻችን ነው። ይህን መንገድ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች አንድ ቅዳሜ ስጧቸው። አውቶቡሱ ከግቢው ይነሳ፣ ሐይቁ ጋ ይቁም፣ አወዳይ ይቁም፣ ግድር መጋላ ያውርዳቸው። ልጆቹ ኪሳቸው ባዶ ስለሆነ ነው ከግንቡ ውጭ የሚቀሩት። የቁርሳቸውን ፉል እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ብንከፍል ማንንም አይጎዳም። ይህን ሐሳብ ነገ ማታ በራት ላይ አንሡት፤ በዚያው ተነጋግረን አዋጥተን እንነሣ።

የራት ጥያቄም ልስጣችሁ፤ መምህራን ባሉበት ያለ ፈተና መለያየት አይቻልም። ነገ ከበላችሁት ውስጥ አንዱን ምረጡና ማን አመረተው፣ በማን ውሃ የሚለውን መልሱ። ያልመለሰ ሰው የሁሉንም ቡና ይከፍላል።

መልካም ጉብኝት፣ መልካም ማዕድ ይሁንላችሁ።